ሐረጎን መውረድ ያቃተው መኪና

ከጫፉ እንጀምረው። ጫፉ ትንሽ ነው፤ አንዲት እናት እህቷን ማየት ፈለገች፣ በቃ። ከዚህች ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ግን ብዙ ስለሆነ ሳንቸኩል፣ አንዱን ከአንዱ እያያዝን እንጎትተዋለን።

እናቲቱ ጦይባ ትባላለች። የምትኖረው ደሴ፣ ከልጇ ከአራጋው ጋር ነው። እህቷ ሩቅያ ደግሞ ኮምቦልቻ ነች። በሁለቱ ከተሞች መሀል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው፤ ጠዋት ወርዶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ለምሳ ቤቱ የሚደርስ ሰው ብዙ ነው። ሩቅያ ታማለች። ሐኪሞቹ እቤቷ ትረፍ ብለው መልሰዋታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዘመድ ሁሉ ገብቶታል፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም። ልጇ ሐያት እየደወለች ስልኩን ወደ አፏ ስታስጠጋላት ሩቅያ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ጦይባ፣ ፊትሽን አሳዪኝ።»

ሐያት በስልኩ ምስል ልታገናኛቸው ሞክራለች። የሩቅያ ዓይን ግን ደክሟል፤ መስተዋቱ ላይ የሚታያት ጭላንጭል ብቻ ነው። «ይሄ ፊት አይደለም» ብላ ስልኩን ገፋችው።

ጦይባም ብትሆን እንደ ልቧ ተነስታ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር፤ አጥንቱ ገጥሟል፣ እግሯ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። በሚኒባስ ወንበር ተጣጥፋ መቀመጥ አትችልም። የምትችለው በልጇ መኪና ከፊት፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተለቆ፣ እግሯን ዘርግታ ነው።

አራጋው በዚያ መኪና ነው የሚተዳደረው። ኮንትራት ይሠራበታል፣ ሙሽራ ያጅብበታል፣ በሽተኛ ያመላልስበታል። አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ነው፤ ሞተሩ ጤነኛ፣ አካሉ ንጹሕ። ሕመሙ ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬን ሲይዝ መሪው በእጁ ላይ ይንዘፈዘፋል፤ ቀጥሎ ወንበሩ፣ ቀጥሎ ወለሉ፣ መጨረሻ ላይ ተሳፋሪው። ነገሩ የመጣው ከፊት ዲስኩ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ሸራዎቹ ከግራና ከቀኝ የሚጨምቁት ያ ክብ ብረት እኩል መዞሩን ትቶ ይወላገዳል። መጀመሪያ ሲጀምረው ብረት ወደሚላጥበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን አስላጠውና ተስተካከለ። አራጋው ደስ ብሎት ሰነበተ። መንቀጥቀጡ ተመለሰ። አዲስ ዲስክ ገዛ፤ መኪናው እንደ ሐር ሄደለት፤ እፎይ ባለ በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። እንደገና ሌላ ዲስክ ገዛ። ያም መጀመሪያ ደህና ነበር። ያም ተመለሰ። ሰው ደጋግሞ ተስፋ ሲያደርግ፣ ኋላ ተስፋ ማድረጉን ራሱ ይፈራዋል፤ አራጋው እዚያ ደርሷል።

እንደዚያም ሆኖ ሩቅያ ስትብስ እናቱን አሳፍሮ ተነሳ። ቀስ ብዬ እወርዳለሁ ብሎ ነው። ሐረጎ ግን ቀስ ማለትን የሚያይ መንገድ አይደለም፤ ከመታጠፊያ መታጠፊያ ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን ነው። ገና ከላይኞቹ ጥምዞች ላይ ሳሉ መሪው ጀመረ። ወንበሩ ቀጠለ። ጦይባ በአንድ እጇ በሩን፣ በአንድ እጇ የልጇን ጉልበት ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። ዳር ይዞ ሲያቆም ከፊት ጎማው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ከታች፣ ጭጋጉ በተከፈተበት በኩል፣ ኮምቦልቻ ቆርቆሮዋን እያብለጨለጨች ትታያለች። የሩቅያ ቤት እዚያ መሀል ነው።

ጦይባ ቁልቁል ብዙ አየች። ከዚያ «መልሰኝ» አለች።

«እማ፣ ሲበርድ እንቀጥላለን።»

«መልሰኝ አልኩህ። ይሄ መኪና መንቀጥቀጡን እስኪተው አልሳፈርም።»

«እሺ ሌላ መኪና ልከራይልሽ።»

«አንተ እየነዳህ እንዲህ ከሆንኩ፣ የማላውቀው ሰው ሲነዳማ ምን ልሆን ነው?»

የሥራ ባልደረቦቹን መኪና እንዳይለምን፣ ሁሉም የሚነዱት የሰው ንብረት ነው፤ አውሰው ባለቤቱ ቢሰማ እንጀራቸው ይቋረጣል። እናም ሽቅብ ተመለሱ። መኪናው መንቀጥቀጡን አልተወም፤ መንቀጥቀጡን ካልተወ ጦይባ አትሳፈርም፤ ጦይባ ካልተሳፈረች ሩቅያ ፊቷን አታይም።

አራጋው መኪናውን ወደ ብርሌው ወሰደው። ብርሌው የዘወትር መካኒኩ ነው፤ እነዚያን ዲስኮች ሁሉ የገጠመለት እሱ ነው። በክሪክ አንስቶ፣ ከሥር ድንጋይ ደግፎ፣ ጎማውን ፈታና ዲስኩን በእጁ ዳበሰው። ፊቱ ላይ በሙቀት የጠቆረ፣ የተዥጎረጎረ ነገር አለ። ዳር ዳሩን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሮታል።

«ይሄን መልሼ አልገጥምም» አለ ብርሌው።

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ወርጄ ልመለስ።»

«አራጋው፣ ስማኝ። ይሄ ሐረጎ ላይ ቢፈነዳ እናትህን የገደልኳት እኔ ነኝ። ደምሌ ጋ ውሰደውና ሊያድነው ከቻለ ያድነው። ካልቻለ አዲስ አምጣ። ይሄንን ግን እኔ አልገጥምም።»

አራጋው ዲስኩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ተሸከመ። መኪናው አንድ እግሩን አጥቶ ድንጋይ ላይ ቀረ። ብርሌው አልገጥምም አለ፤ ብርሌው ካልገጠመ መኪናው መንቀጥቀጡን አይተውም፤ መንቀጥቀጡን ካልተወ ጦይባ አትሳፈርም፤ ጦይባ ካልተሳፈረች ሩቅያ ፊቷን አታይም።

ደምሌ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ማሽኑ ሲዞር የሚሰማው ስለሌለ ሰው ሲመጣ አጥፍቶ ያናግራል። ዲስኩን ተቀብሎ ውፍረቱን ለካ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለካ። ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄንን አልልጥም።»

«እባክህ ደምሌ። በስሱ ብቻ፣ የላይ የላዩን።»

«ስሱ አልቆ ነው። ከዚህ በላይ ብልጠው በእጅህ እንደ ቂጣ ትቆርሰዋለህ። እኔ ሰው አልገድልም።» ከዚያ የአራጋውን ፊት አይቶ ድምፁን አለሰለሰ። «አክስትህ እንዴት ሆኑ?»

«ትጠብቃለች።»

«አይዞህ» አለና ማሽኑን መልሶ አስነሳ። ደምሌ አልልጥም አለ፤ ደምሌ ካልላጠ ብርሌው አይገጥምም፤ ብርሌው ካልገጠመ መኪናው መንቀጥቀጡን አይተውም፤ መንቀጥቀጡን ካልተወ ጦይባ አትሳፈርም፤ ጦይባ ካልተሳፈረች ሩቅያ ፊቷን አታይም።

አሁን የቀረው አዲስ ዲስክ ነው። ለዚያ ዓይነት አሮጌ መኪና ዲስክ የሚገኘው ከትርንጎ የመለዋወጫ ሱቅ ብቻ ነው፤ አራጋው ሌሎቹን አዳርሶ ባዶ እጁን ወጥቷል። ወደ ትርንጎ ያልሄደው አፍሮ ነው። እነዚያን ዲስኮች የገዛው ከእሷ ነበር፤ ሁለቱንም ይዞ ተመልሶ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ጠማማ ነው የሸጥሽልኝ» ብሏታል። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር።

ትርንጎ ከመደርደሪያው ፊት ቆማ ሰላምታውን ተቀበለች። ከኋላዋ ዲስኮቹ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለሉ ተደርድረዋል።

«አለኝ» አለች ሳይጠይቃት። «ላንተ ግን አልሰጥም።»

«አክስቴ ልትሞትብኝ ነው፣ ትርንጎ።»

«አላህ ይማራት። እኔም ሰው ነኝ። ግን አስበው፤ ይሄንን ትወስዳለህ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞ መጥተህ ደጄ ላይ ትጮሃለህ። ያን ቀን ዕቃ ሊገዙ የቆሙት ሰዎች ጥለው ሄዱ። አባቴ ያቆመው ሱቅ ነው፤ ስሙን ይዤ ነው የምሸጠው።»

አራጋው መሬት መሬት አየ።

«ደግሞ ዲስኩ አይደለም ጥፋተኛው» አለች። «ሦስት ዲስክ አንድ ዓይነት በሽታ አይታመምም። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ጠማማ ቢሆንስ? እሱ ሲዞር የሚወላገድ ከሆነ ወርቅም ብትገጥምበት ይጣመማል። እሱን አስለካና፣ ጥፋቱ የት እንደሆነ አውቀህ ና። ያኔ እሰጥሃለሁ። ሳይለካ አልሰጥም።»

«ማን ይለካልኛል? ብርሌው በዓይኑ ነው የሚያየው።»

«በዓይን አይታይም። መለኪያው ያላቸው ጋሽ መኳንንት ናቸው።»

ወጣ። ያ ከረጢት ትከሻው ላይ ከበደው። ትርንጎ ሳይለካ አልሰጥም አለች፤ ደምሌ አልልጥም አለ፤ ዲስክ ከሌለ ብርሌው አይገጥምም፤ ብርሌው ካልገጠመ መኪናው መንቀጥቀጡን አይተውም፤ መንቀጥቀጡን ካልተወ ጦይባ አትሳፈርም፤ ጦይባ ካልተሳፈረች ሩቅያ ፊቷን አታይም።

ጋሽ መኳንንት በጡረታ ያሉ የቴክኒክ መምህር ናቸው። ቤታቸው ከጦሳ ተራራ ሥር፣ መኪና በማይገባበት የድንጋይ ደረጃ መጨረሻ ላይ ነው። አራጋው ሲያንኳኳ በሩን ከፈት አድርገው፣ ግማሽ ሰውነታቸውን ከውስጥ እንዳስቀሩ ሰሙት። ነገሩን ወዲያው ተረዱት። መርፌዋ በፀጉር ስፋት የምትንቀሳቀስ፣ የሰዓት ፊት የመሰለች መለኪያ አለቻቸው፤ በእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ቀይ ጨርቅ ላይ ትተኛለች።

«እንግዲያውስ ያውሱኝ ጋሼ። ዛሬውኑ እመልሳለሁ።»

«ማዋሱስ ባልከፋ ነበር፤ ግን አያያዝ ትፈልጋለች። ለማያውቃት ሰው ትዋሻለች፤ እሷ ዋሽታህ ሐረጎን እንድትወርድ አልፈልግም። እኔ ራሴ መምጣት አለብኝ።»

«እንሂዳ።»

ከውስጥ የሴት ድምፅ «መኩ፣ ማነው? መኩ፣ የት ነህ?» እያለ ይቀርባል። ድምፁ እንደጠፋ ልጅ ድምፅ ነው።

«እዚህ ነኝ፣ ደብሪትዬ» አሉ ወደ ኋላ። ከዚያ ለአራጋው ቀስ ብለው ነገሩት፤ «ባለቤቴ ናት። የሚያስረሳ በሽታ ይዟታል። ከዓይኗ ከተሰወርኩ የሞትኩ ይመስላታል። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ እኔን ፍለጋ ወጥታ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ በባዶ እግሯ ሄዳ አገኘናት።»

«ጎረቤት አይቀመጥላቸውም?»

«ሞክረዋል። ሌባ ናችሁ እያለች ታስወጣቸዋለች። እየመሸ ሲሄድ ደግሞ ይብስባታል። ልጄ፣ ልረዳህ ወድጄ ነበር።»

«እስቲ እኔ ልቀመጥ። እርስዎ ብርሌው ጋ ሄደው ለክተው ይመለሱ። ቅርብ ነው።»

ጋሽ መኳንንት ሊከለክሉት ፈልገው፣ ፊቱን አይተው ተዉት። አስገቡት። እትዬ ደብሪቱ ንጹሕ ነጠላ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የተሠራ ሴት ናቸው። አራጋው በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላምታ አቀረበ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ጋሽ መኳንንት ሣጥኗን አንስተው ገና ከደጅ ሲወጡ ሴትዮዋ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«አንተ ማነህ? ማን ላከህ? መኩን የት ወሰዳችሁት?»

«እናቴ፣ አሁን ይመጣሉ፤ እኔ ከርስዎ ጋር…»

ሴትዮዋ ግድግዳውን ይዘው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አራጋው ያን መንቀጥቀጥ ያውቀዋል፤ እጃቸው ላይ ጀመረ፣ ወደ ትከሻቸው ወጣ፣ መላ ሰውነታቸውን ያዘ። ማቆሚያ አልነበረውም። ጋሽ መኳንንት ከደረጃው ሮጠው ሲመለሱ አራጋው ከግቢው ወጥቶ ቆሞ ነበር።

«ይቅር በሉኝ» አለ።

«አንተ ምን አደረግህ» አሉ ሽማግሌው፣ ሚስታቸውን አቅፈው። በሩ ተዘጋ።

እትዬ ደብሪቱ ባላቸውን አይለቁም፤ እሳቸው ካልለቀቁ ጋሽ መኳንንት አይለኩም፤ ጋሽ መኳንንት ካልለኩ ትርንጎ አትሰጥም፤ ደምሌ አልልጥም ብሏል፤ ዲስክ ከሌለ ብርሌው አይገጥምም፤ ብርሌው ካልገጠመ መኪናው መንቀጥቀጡን አይተውም፤ መንቀጥቀጡን ካልተወ ጦይባ አትሳፈርም፤ ጦይባ ካልተሳፈረች ሩቅያ ፊቷን አታይም።

በማግስቱ ጠዋት ሐያት ደወለች። «ምግብ ትታለች» አለች። «ውሃ ብቻ በማንኪያ እየሰጠኋት ነው። አራጋው፣ ትመጣላችሁ ወይስ አትመጡም? እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ምን እንደምላት ልወቅ።»

«እንመጣለን» አለ። ስልኩን ሲዘጋ ውሸት የተናገረ ያህል አፉ መረረው።

ወደ ጋራዡ ሄዶ ጎማ ከሌለው መኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ብርሌው ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራል። አራጋው ጉዳዩን ከላይ ወደ ታች አሰበው፤ ከታች ወደ ላይ አሰበው። ማንን ይቆጣ? ብርሌው እናቱን ስላሰበ ነው። ደምሌ ሰው አልገድልም ስላለ ነው። ትርንጎን የበደላት እሱ ነው። ጋሽ መኳንንትማ ምን ያድርጉ። ሁሉም እውነት አላቸው። የሚጣላው አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ይቀለው ነበር። ሁሉም ልክ ሆነው፣ ሁሉም አዝነው፣ ሩቅያ ግን ውሃ በማንኪያ እየተሰጣት ነው።

ለእናቱ እውነቱን ሊነግራት ወደ ቤት ሄደ። ጦይባ መስኮቱ ሥር እግሯን ዘርግታ፣ የጉዞ ልብሷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ከተመለሱበት ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትለብሰዋለች።

«አልቻልኩም እማ» አለ፣ በሩ ላይ እንደቆመ። «ሁሉንም ሞከርኩ።»

«ንገረኝ።»

ነገራት። ብርሌው ያለውን፣ ደምሌ ያለውን፣ ትርንጎ ያለችውን፣ ጋሽ መኳንንት ያሉትን። እትዬ ደብሪቱም እሱን አይተው የሆኑትን።

ጦይባ የጠየቀችው ስለ መኪናው አልነበረም።

«ሴትየዋ ቀን ቀን ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?»

«ከማንም። ባሏ ይጠብቃታል። ሌላው ሰውም ሊጠብቃት ነው የሚሄደው።»

«ወደ እሷ ውሰደኝ።»

«እማ፣ ደረጃ ነው። ሽቅብ ነው።»

«ምርኩዜን አቀብለኝ።»

እንዴት እንደሄዱ ምን ልበላችሁ። ለጤነኛ ሰው ትንሽ መንገድ ነው፤ ለእነሱ ረፋዱን በላ። ጥቂት ይራመዳሉ፣ ግድግዳ ይደገፋሉ። ጥቂት ይወጣሉ፣ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። መሀል ላይ አራጋው እንመለስ አላት። ጦይባ ላቧን በሻሽዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሳችና መውጣቷን ቀጠለች።

ጋሽ መኳንንት በሩን ሲከፍቱ ጦይባ ለሰላምታ እንኳ ትንፋሽ አልነበራትም። ገብታ መጀመሪያ ያገኘችው መደብ ላይ ዘጭ አለች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ ደብሪቱ ከውስጥ ወጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። ጦይባ አላየቻቸውም፣ አላባበለቻቸውም፤ ጉልበቷን እያሸች «እህህ» አለች ብቻ።

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ወድቄ ነው።»

«ያምሻል?»

«ዛሬስ ገደለኝ።»

ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሽ መኳንንት ሊከተሏቸው ሲሉ ጦይባ በእጇ ከለከለቻቸው። እትዬ ደብሪቱ ተመልሰው ሲመጡ ትራስ ይዘዋል። ጎንበስ ብለው ከጦይባ እግር ሥር አደረጉላት፤ አልተመቻቸውም፣ አውጥተው አጥፈው እንደገና አደረጉት። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጡና እግሯን ያሹላት ጀመር። ጋሽ መኳንንት ሚስታቸው ሰው ሲያስታምሙ ካዩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው እንጃ፤ በሩ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«ሂዱ እንጂ» አለች ጦይባ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ጋሽ መኳንንት ሣጥኗን ይዘው ከአራጋው ጋር ወጡ። እትዬ ደብሪቱ ቀና አሉ።

«መኩ የት ሄደ?»

«መኪና ሊሠራ። ይመጣል።»

«የማንን መኪና?»

«የልጄን። እህቴ ኮምቦልቻ ታማብኛለች፤ መኪናው እየተንቀጠቀጠ መሄድ አቃተኝ።»

«እህትሽ ታማ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ታዲያ ቶሎ ይሥራው እንጂ።»

ጥቂት ቆይተው፣ «መኩ የት ሄደ?» አሉ። ጦይባ እንደገና ነገረቻቸው፤ እንደገና እንደ አዲስ ደነገጡላት። እንደገና ጠየቁ፤ እንደገና ነገረቻቸው። ጦይባ ለጎረቤት ስትነግር የከረመችው ያው ነገር ነው፤ ሰው እየለመደው ሄዶ፣ አይዞሽ ብሎ ማለፍ ጀምሮ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ግን አይለምዱትም። በሰሙ ቁጥር ያለቅሱላታል። አንዴ ሲያለቅሱ ጦይባም አብራ አለቀሰች፤ እህቷ ከታመመች ጀምሮ በልጇ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ታች ጋራዥ ውስጥ ጋሽ መኳንንት መለኪያዋን አጠገቡ አስረው ጫፏን ሞዞው ላይ አሳረፉና ብርሌውን «በቀስታ አዙረው» አሉት። መርፌዋ ሄደች፣ ዘለለች፣ ተመለሰች። እንደገና አዞረው፤ እዚያው ቦታ ላይ ዘለለች።

«ይኸው» አሉ ወደ አራጋው ዞረው። «ድሮ ጉድጓድ ገብተህ ይሆናል። ዲስኮችህ ሁሉ ጤነኞች ነበሩ፤ ጠማማ ላይ እያስቀመጥካቸው ነው የተጣመሙት።»

እትዬ ደብሪቱ ለቀቁ፤ ጋሽ መኳንንት ለኩ። ብርሌው ሞዞውን ፈታ፤ አራጋው ተሸክሞ ሮጠ። ደምሌ አይቶ «ይሄንንማ እልጠዋለሁ፤ ሥጋ አለው» አለና ማሽኑ ላይ አሰረው። አራጋው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ወደ ትርንጎ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ወረፋውን አልፎ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «ዕቃሽ ደህና ነበር» አላት። «ጥፋቱ የእኔ መኪና ነው። ያን ቀን በከንቱ ነው ስምሽን ያጠፋሁት።» ትርንጎ ዞራ ከመደርደሪያው አንዱን አወረደች፣ የዘይት ወረቀቱን ገልጣ ራሷ አገላብጣ አየችው፣ ሰጠችው። ደምሌ ላጠ፤ ትርንጎ ሰጠች፤ ብርሌው ገጠመ። ጋሽ መኳንንት እንደገና ለኩ፤ መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራጋው መኪናውን ይዞ ቁልቁል ወረደና ፍሬኑን ረገጠው። መሪው ዝም አለ። አላምን ብሎ ደግሞ ረገጠው።

ጋሽ መኳንንት ቤታቸው ሲደርሱ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተደጋግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ጠዋት ጦይባ ተሳፈረች። ሐረጎ በጭጋግ ተሸፍኗል። አራጋው በየመታጠፊያው ፍሬን ይይዛል፤ መኪናው እንደ ታዛዥ በቅሎ እርምጃውን ይቀንሳል። ዳር ይዘው የቆሙበትን ቦታ አለፉት። ጦይባ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየዋለች፤ ሐያት ከትናንት ጀምሮ አልደወለችም። አራጋው ሊደውል አስቦ፣ ፈርቶ ተወው።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ተቀበላቸው። የሩቅያ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጃፉ ላይ የብዙ ሰው ጫማ ተደርድሯል። አራጋው ጫማዎቹን ሲያይ ሞተሩን ማጥፋት አቃተው። ጦይባ ግን በሩን ራሷ ከፍታ፣ ምርኩዟን ተክላ ወረደች።

ሐያት ወጣች። ፊቷ እንቅልፍ አልባ ነው።

«አለች» አለች። «ገና አለች። ግን አታይም፤ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል።»

ሴቶቹ ተነስተው ቦታ ለቀቁ። ጦይባ ከአልጋው ጠርዝ ላይ፣ እግሯን እንደዘረጋች ተቀመጠች። ስም አልጠራችም። የእህቷን እጅ አንስታ፣ አጥንት ብቻ የቀረውን ያን እጅ፣ ፊቷ ላይ አደረገችው።

ጣቶቹ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በጣም በቀስታ ግንባሯን ዳሰሱ፤ ቅንድቧን፤ ከዓይኗ ሥር ያለውን እርጥበት፤ ጉንጯ የገባበትን ቦታ። አገጯ ላይ ደረሱና ተመልሰው ሽቅብ ወጡ።

«አርጅተሻል» አለች ሩቅያ።

«አንቺም» አለች ጦይባ።

ሩቅያ እጇን ከእህቷ ፊት ላይ አላነሳችም።